የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረተ ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለውይይት መነሻ የቀረበ ንግግር)

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ ምን ያደርግ እንደነበር ከእናንተ መካከል ብዙዎች ታስታውሳላችሁ። ደብዳቤውን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ወደ ጎረቤት ይዘልቅና ተማሪውን ልጅ ያስጠራው ነበር። ልጁ በሽማግሌው ፊት ቆሞ ያነብባል፤ ሽማግሌው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ሰላምታው ሲያልቅ ቁም ነገሩ ይመጣል። ነገሩ የመሬት ክርክር ቢሆን፣ የሞት መርዶ ቢሆን፣ ከሩቅ አገር የተላከ ገንዘብ ቢሆን፣ ያ የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከባለ ደብዳቤው በፊት ያውቀው ነበር። መልሱንም የሚጽፈው እሱ ነው። በዚህ አኳኋን ተማሪ በኢትዮጵያ ኅብረተ ሰብ ውስጥ ከዕድሜው በላይ የሆነ አደራ ሲሸከም ኖሯል።

ዛሬ የደብዳቤውን ቦታ ስልክ ወስዶታል፤ ተማሪው ግን አሁንም ይጠራል። እናት የልጃቸውን ድምፅ የሚመስል ድምፅ በስልክ ሰምተው ገንዘብ ሊልኩ ሲነሡ ያስጠሩታል። አባት ስለ ሕመማቸው ማሽኑን ጠይቀው ያገኙትን መልስ ያሳዩታል። ጎረቤት በስልካቸው የደረሰ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። በድሮው ጊዜ ልጁ «ምን ይላል?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ ዛሬ የሚጠየቀው «እውነት ነው ወይ?» ተብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ከፊተኛው እጅግ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ፊደልን ማወቅ ብቻውን አይመልሰውም።

የዚህ ንግግር ዓላማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን መሣሪያ ለወላጆቻቸው፣ ለጎረቤቶቻቸውና ለእኩዮቻቸው በማስተማር ረገድ ሊኖራቸው የሚችለውን ድርሻ መመርመር ነው። ዋናው አሳብ በአጭሩ ሲቀመጥ፣ ለሕዝብ ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት የመሣሪያውን ስህተት የመለካት ትምህርት ነው፤ ይህንንም በየመንደሩና በየቀበሌው ለማካሄድ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ተማሪው ነው የሚል ነው።

1. ስለ መሣሪያው ጠባይ

አንድ ቀያሽ የመሬት ከፍታ መለኪያውን በአዲስ ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊት ይፈትነዋል። ያልተፈተነ መሣሪያ የሚሰጠው ቁጥር የቱንም ያህል የተስተካከለ መስሎ ቢታይ፣ የስህተቱ መጠን እስካልታወቀ ድረስ በእሱ ላይ ቦይ አይቆፈርም፤ ድልድይም አይሠራም። ይህ ለመሐንዲስ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሕዝብ በሚነገረው ነገር ውስጥ ግን ይህ ቀላል ደንብ ሲዘነጋ ይታያል።

ጽሑፍ የሚጽፉትና ጥያቄ የሚመልሱት የዘመኑ ማሽኖች የሚሠሩት በግምት ነው። ማሽኑ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ፣ ከአንድ ቃል ወይም ከቃል ቍራጭ ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል የመሆን ዕድሉን ያሰላል። «እንደምን» ከሚለው ቃል በኋላ «አደሩ» ወይም «ዋሉ» የሚለው ይመጣል ብሎ ለመገመት አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ አይቸገርም፤ ማሽኑ የሚያደርገውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ስፋቱና ፍጥነቱ ነው። ስለሆነም እውነተኛውን መልስና የፈጠራውን መልስ በአንድ ዓይነት የቃል ውበት ያቀርባቸዋል። ሰው ሲጠራጠር ብዙ ጊዜ ከአነጋገሩ ይታወቃል፤ የማሽኑ ግን እንዲህ አይታወቅም።

የአማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚመለከት ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈው ነው። በነጻው መዝገበ ዕውቀት በዊኪፔዲያ ውስጥ የእንግሊዝኛው ክፍል ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት፣ የአማርኛው 15,000 ያህል ብቻ ነው ያሉት። የግዕዝ ፊደልም በኮምፒዩተር ውስጥ በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ 3 ባይት ሲይዝ፣ የላቲኑ ፊደል የሚይዘው 1 ባይት ነው፤ ለላቲን ጽሑፍ በተዘጋጀ መከፋፈያ ሲያልፍም የአማርኛው ቃል ብዙ ቦታ ይቆራረጣል። የዚህ ሁሉ ውጤት በእንግሊዝኛ የተመሰገነ ማሽን በአማርኛ ሲጠየቅ ያንኑ ያህል ይታመናል ተብሎ ሊወሰድ እንደማይገባው ነው። የስህተቱ መጠን በየቋንቋው ለየብቻው መለካት አለበት።

ስህተት በሁሉም ላይ እኩል እንደማይወድቅ በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እ.አ.አ. በ2018 በወጣው ጥናት ውስጥ ይገኛል። ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ሦስት ኩባንያዎች የሠሯቸውን የፊት መለያ ማሽኖች በ1,270 ፎቶግራፎች ፈተኑ። ማሽኖቹ የሰውየውን ጾታ ሲለዩ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የታየው ከፍተኛ ስህተት 0.8 ከመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ከመቶ ደረሰ። አማካዩን ብቻ የተመለከተ ሰው ማሽኖቹ ደኅና ናቸው ባለ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ያደረጉት ነገር ማንኛውም መሐንዲስ ሊያደርገው የሚገባውን ነው፤ ይኸውም መሣሪያውን በየወገኑ ለይቶ መፈተን።

ከዚህ በመነሣት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረተ ትምህርት በሦስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ማሽኑ ከየት ተማረ? ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ ይሳሳታል፤ በማንስ ላይ? ሦስተኛ፣ በተሳሳተ ጊዜ ማን ይጠየቃል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ የኮምፒዩተር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ተማሪዎች እንደሚችሉት በተግባር ታይቷል።

2. ተማሪዎች የሠሩት ሥራ

እ.አ.አ. በ2020 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት አንድ ሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ነበር። 25ኛው የውሳኔ ሐሳብ በመባል የታወቀው ይህ ጉዳይ በወንጀል ተጠርጥረው የተያዙ ሰዎች በገንዘብ ዋስትና የሚለቀቁበትን ልማድ አስቀርቶ፣ ሰውየው ቢለቀቅ ያመልጣል ወይም ዳግመኛ ያጠፋል የሚለውን በስሌት የሚገምት መሣሪያ በቦታው የሚተካ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመቷ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስኔሃ ሬቫኑር በዚህ ጊዜ ኢንኮድ ጀስቲስ የተባለውን የወጣቶች ድርጅት አቋቁማ ሕዝቡ ስለ ስሌቱ እንዲያውቅ ተነሣች። የቀሰቀሳትም ፕሮፐብሊካ የተባለው የዜና ድርጅት እ.አ.አ. በ2016 ያወጣው ምርመራ ነበር።

ያ ምርመራ በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት በብራዋርድ አውራጃ ኮምፓስ የተባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ፈትኖ ነበር። ተለቅቀው ዳግመኛ ካላጠፉት ሰዎች መካከል ማሽኑ በስህተት «አስጊ ናቸው» ያላቸው፣ ከጥቁሮቹ 44.9 ከመቶ፣ ከነጮቹ 23.5 ከመቶ ሆነው ተገኙ። የመሣሪያው ባለቤቶች ለዚህ መልስ ሰጥተዋል፤ «አስጊ» ከተባሉት መካከል ዳግመኛ ያጠፉት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ናቸው አሉ። ቀጥሎም የሒሳብ ሊቃውንት፣ የሁለቱ ወገኖች የጥፋት መጠን በመዝገብ ላይ የተለያየ እስከሆነ ድረስ ሁለቱን ዓይነት እኩልነት በአንድ ጊዜ ማሟላት እንደማይቻል በስሌት አረጋገጡ። እንግዲህ የትኛው ስህተት ይሻላል የሚለውን ማሽኑ ሊወስን አይችልም፤ የሰው ውሳኔ ነው። ሰው ሊወስን ከሆነ ደግሞ ጉዳዩን ማወቅ አለበት።

የውሳኔ ሐሳቡ በኅዳር ወር 56 ከመቶ በሚሆን ድምፅ ውድቅ ሆነ። ይሁንና ይህን ድል የተማሪዎቹ ብቻ አድርጎ መቍጠር ከእውነት መራቅ ይሆናል። ሐሳቡን በብዙ ገንዘብ ከተቃወሙት መካከል በገንዘብ ዋስትና የሚነግዱት ድርጅቶች ይገኙበታል፤ ሐሳቡ በመውደቁም ድኻውን የሚያስረው የገንዘብ ዋስትና ባለበት ቀረ። የተማሪዎቹ ሥራ ዋጋ ያለው በሌላ በኩል ነው። ከሕዝበ ውሳኔው በኋላም አልተበተኑም፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለእኩዮቻቸው ትምህርትና ውይይት እያዘጋጁ ቀጠሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ በእንግሊዝ አገር በዚያው ዓመት የሆነው ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሳይሰጥ በመቅረቱ፣ ኦፍኳል የተባለው የፈተና ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውጤቱን በስሌት እንዲሰጥ ተደረገ። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የገመቱትን ውጤትና ተራ ሰጡ፤ ስሌቱ ግን ትምህርት ቤቱ በቀደሙት ሦስት ዓመታት ያስመዘገበውን ውጤት መሠረት አድርጎ ያንን አስተካከለው። ነሐሴ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ውጤቱ ሲወጣ 39.1 ከመቶ የሚሆነው መምህራን ከሰጡት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ተማሪዎቻቸው እጅግ ጥቂት የሆኑ ክፍሎች በመምህራን ግምት እንዲጸኑ በመደረጉ፣ ይህ አሠራር ትናንሽ ክፍሎች ያሏቸውን የግል ትምህርት ቤቶች ጠቀመ። በውጤቱ በማይታወቅ ትምህርት ቤት የተማረ ጎበዝ ልጅ ግን በእሱ ቦታ ቀድመው በተማሩት ሰዎች ውጤት ተመዘነ።

ተማሪዎቹ በለንደን በትምህርት ሚኒስቴር ፊት ለፊት ተሰለፉ። ሰሌዳቸው ላይ የጻፉት በአንድ ሚኒስትር ስም ላይ ብቻ አልነበረም፤ በስሌቱ ላይ ነበር። ውጤቱ በወጣ በአራተኛው ቀን፣ ነሐሴ 11 ቀን፣ መንግሥት ስሌቱን ሽሮ የመምህራኑን ግምት አጸና። በስኮትላንድም ተመሳሳይ ስሌት ከስድስት ቀን በፊት ተሽሮ ነበር። በእርግጥ የዚያን ጊዜው ቀመር ተራ የስታቲስቲክስ ስሌት ነበር እንጂ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚባሉት ማሽኖች ወገን አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል በእንግሊዝ አገር በየቤቱ ማዕድ ላይ ተነሣ፤ ለወላጆች ያስረዱትም ልጆቻቸው ነበሩ። አንድ ደንብ በአማካይ ትክክል ሆኖ በአንድ ሰው ላይ ፍርደ ገምድል ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ መጽሐፍ አይገኝም።

3. ከኢትዮጵያ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ተማሪን ለሕዝብ አስተማሪነት ማሰማራት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተው ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ለማስተማር የቻለ ሲሆን፣ እ.አ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተሰጥቶታል።

ከሁለቱ ዘመቻዎች ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅሙ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ስለ ፈቃደኝነት ነው። የ1967ቱ ዘመቻ በትእዛዝ የተካሄደ በመሆኑ፣ በብዙ ጣቢያዎች ዘማቾቹ ከባለ ሥልጣናትና ከባለ መሬቶች ጋር ተጋጭተዋል፤ ሕይወታቸውን ያጡም፣ ጣቢያቸውን ጥለው የወጡም ነበሩ። ከላይ የታዘዘ ወጣት ወደማያውቀው ስፍራ ሄዶ ከሚያስተምር ይልቅ፣ በራሱ ቀዬ፣ በሚያውቁት ሰዎች መካከል፣ በፈቃዱ የሚያስተምር የተሻለ እንደሚቀና ከዚያ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ስለ ቋንቋ ነው። የ1971ዱ ዘመቻ ያስገኘው ፍሬ ትልቁ ምክንያት ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ ነው። ሦስተኛው ስለ ቀጣይነት ነው። ፊደል ቈጥሮ የምስክር ወረቀት የተቀበለ አዋቂ፣ የሚያነበው ጽሑፍና የሚጽፍበት ጉዳይ ባላገኘበት ስፍራ የተማረውን መልሶ ረስቷል። የአንድ ቀን ስብሰባ፣ የአንድ ሳምንት ዘመቻ ማይምነትን አያጠፋም። ይህ ለፊደል እውነት ከሆነ በየወሩ ለሚለዋወጥ መሣሪያ ይበልጡን እውነት ነው።

በዛሬው ጊዜ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ለዘርፉ ራሱን የቻለ ተቋም አቋቁሟል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ በመረጃ ትንተናና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ዕውቀት ለማሠልጠን ያለመ መርሐ ግብር ተጀምሯል። እነዚህ ለሠልጣኙ ወጣት የታሰቡ ናቸው። ኢንተርኔት ከፍቶ ትምህርት የማይከታተለው አባት፣ በገበያ ስልኳን በጡቷ ሸጉጣ የምትውለው እናት ግን በዚህ መንገድ አይገኙም። ወደ እነሱ የሚያደርሰው ድልድይ እቤት ውስጥ ያለው ተማሪ ነው።

4. ትምህርቱ እንዴት ሊሰጥ ይችላል

ተማሪው ለሽማግሌው ማሽኑን ሲያስተዋውቅ «ምን ያህል ዐዋቂ እንደሆነ ተመልከቱ» ብሎ ቢጀምር ትምህርቱ ከመነሻው ይበላሻል። ሽማግሌው የሚያውቁትን ነገር ራሳቸው እንዲጠይቁት ቢያደርግ ግን ፈታኙ ሽማግሌው ይሆናሉ። በዚህ ረገድ በየደብሩ ያለ አንድ የታወቀ ዕውቀት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ እሱም ባሕረ ሐሳብ ነው።

የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ እንደሚውል ለማወቅ መሪጌታው እንዲህ ያሰላሉ። 5,500 እና 2,017 ሲደመሩ ዓመተ ዓለሙ 7,517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 1 አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 29 መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 በላይ በመሆኑ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን ይውላል፤ ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29 እና 4 ሲደመሩ 33፣ 30 ሲነሣለት መባጃ ሐመሩ 3 ይሆናል፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ይገባል። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነውና 3 ሲጨመርበት 12 ይሆናል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ይውላል። እንደተባለውም ውሏል።

ይህ በትክክለኛ ትርጉሙ አልጎሪዝም ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ይታያል፤ ስህተት ቢገኝ የተሳሳተው የትኛው መስመር እንደሆነ ሊጠቈም ይችላል፤ ያሰሉት ሰውም በስማቸው ይጠየቃሉ። አሁን ተማሪው ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ለማሽኑ አቅርቦ መልሱን በመሪጌታው ፊት ያነብባል። ማሽኑ ትክክለኛውን ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ የወንበሩንና የአበቅቴውን ስም እየጠራ የተሳሳተ ቁጥርም ሊያወጣ ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ስሌቱን የሚያውቅ ብቻ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ማሽኑ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ሕግ ሲናገር መልሱን የሚያመሳክርበት ዐዋቂ መፈለግ እንዳለበት ይገባዋል።

በሙስሊሙ ኅብረተ ሰብ ዘንድም እንዲሁ ነው። ማሽኑ የኢድ ቀንን አስቀድሞ ቍርጥ አድርጎ ሊናገር ይችላል፤ ሽማግሌዎቹ ግን የጨረቃዋን መታየት ይጠብቃሉ። ገና ያልታየን ነገር እንደታየ አድርጎ መናገር ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ይህ በቂ ነው። ለገበያተኛ ደግሞ የሰዓት አቈጣጠር ይቀርባል። «ከቀኑ 8 ሰዓት» የተባለ ቀጠሮ በውጭው አቈጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ይህን ያወቀ እንደሆነ ወይም ስድስቱን ሰዓት ያደናገረ እንደሆነ ማንም ሊፈትነው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ተማሪው ደብተር ያወጣል። በደብተሩ ላይ አራት ዓምዶች ይሰመራሉ፤ ጥያቄው፣ የማሽኑ መልስ፣ የዐዋቂው መልስ፣ የሁለቱ ልዩነት። አንድ ክፍል በአንድ ርእሰ ጉዳይ 50 ጥያቄ ጠይቆ 10 ስህተት ቢያገኝ፣ የስህተቱ መጠን 20 ከመቶ ነው ብሎ ለመናገር ይቸኩላል። እዚህ ላይ መምህሩ ወይም መሐንዲሱ ጣልቃ ገብቶ፣ ከ50 ጥያቄ ብቻ በመነሣት እውነተኛው መጠን ከ9 እስከ 31 ከመቶ በሆነ ማናቸውም ስፍራ ሊገኝ እንደሚችል ያስረዳል። ስምንት ክፍሎች ተባብረው 400 ጥያቄ ቢጠይቁና መጠኑ ያው ቢሆን፣ ክልሉ ከ16 እስከ 24 ከመቶ ወደ መሆን ይጠብባል። ተማሪው በዚህ መንገድ ስታቲስቲክስን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጥያቄ ይማራል፤ ጎረቤቱም «ማሽኑ በዚህ ጉዳይ ከአምስት አንድ ያህል ይስታል» የሚል፣ በራሱ ቋንቋ የተለካ መረጃ ያገኛል።

ስለ ድምፅና ስለ ምስል ማታለያ የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ አጠር ይላል፤ አስቸኳይነቱ ግን ይበልጣል። እ.አ.አ. በጥር 2024 በአሜሪካ በኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት የፕሬዚዳንት ባይደንን ድምፅ በማሽን አስመስለው መራጮች ድምፅ እንዳይሰጡ የሚናገሩ የስልክ ጥሪዎች ተሰራጭተው ነበር። የፕሬዚዳንት ድምፅ እንዲህ ከተመሰለ፣ የልጅን ድምፅ ለእናት አስመስሎ ማቅረብ የሚያስቸግር አይሆንም። በተለይ ልጆቻቸው በዓረብ አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች አደጋው ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም ልጁን በድምፁ እንጂ በዓይናቸው አያገኙትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድምፅ ሲመጣ ስልኩን ዘግቶ በሚታወቀው ቁጥር መልሶ መደወል፤ እንዲሁም ቤተ ሰቡ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ቃል አስቀድሞ መስማማት። ይህን አንድ ተማሪ በቡና ሰዓት በሩብ ሰዓት ውስጥ ለአምስት እናቶች ሊያስረዳ ይችላል።

5. ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ተማሪን ማሰማራት ያለ አደጋ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሰው ምስጢር ጉዳይ አለ። የጥንቱ ደብዳቤ አንባቢ የሰማውን እንዳያወራ ይመከር ነበር። የዛሬው ደግሞ የጎረቤቱን ስም፣ ሕመም፣ የባንክ ቁጥር ወይም ክስ ወደ ማሽኑ እንዳያስገባ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ አንድ ጊዜ የገባው ቃል ወዴት እንደሚሄድ ተማሪው ሊቈጣጠረው አይችልም። ዩኔስኮ እ.አ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እነዚህን መሣሪያዎች በትምህርት ቤት ለብቻቸው እንዳይጠቀሙ የሚያሳስብ ገደብ እንዲደረግ መክሯል፤ ስለሆነም ሥራው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና በመምህር ኃላፊነት ሥር ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥሎ የክብር ጉዳይ ይመጣል። ልጅ አዋቂን ሲያስተምር አዋቂው ሊያፍር፣ ልጁ ሊኰራ ይችላል። ከላይ የተገለጸው የደብተር ዘዴ ይህን ያቀልለዋል፤ በዚያ ዘዴ መልሱን የሚያውቁት አዋቂው ናቸው፤ ልጁ ጸሐፊ፣ ማሽኑ ደግሞ ተፈታኝ ነው።

ሌላው የሸክም ጉዳይ ነው። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ውኃ የምትቀዳና እንጀራ የምትጋግር ተማሪ ትርፍ ጊዜ የላትም፤ ሥራው በትምህርት ሰዓት ውስጥ ካልታሰበ ወንዶቹ ብቻ የሚያካሂዱት ይሆናል። እናቶችን በቀላሉ ልታገኝ የምትችለው ደግሞ እሷ ናት። እንዲሁም ስልክና መብራት በማይገኝበት ስፍራ አንድ መሣሪያ ለአንድ ክፍል በቂ ሆኖ እንዲሠራ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በደብተር መጻፍ ይቻላል።

ለመሐንዲሶች የሚቀረው ድርሻ ከዚህ በኋላ ግልጽ ነው። በየከተማው ያለ የማኅበሩ አባል በአቅራቢያው ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ተወዳጅቶ፣ ተማሪዎች ያልገባቸውን የሚጠይቁት ሰው ቢሆን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማኅበሩም የየትምህርት ቤቱን ደብተሮች ሰብስቦ በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ቢያወጣ፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ማሽኖቹ የትኛውን እንደሚያውቁና የትኛውን እንደሚስቱ የሚያሳይ መዝገብ ይገኛል። እንዲህ ያለው መዝገብ ለማሽኖቹ ሠሪዎችም፣ ነገ በአገር ውስጥ ለሚሠሩትም መፈተኛ ይሆናል። ተማሪው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሲሄድም ደብተሩ ለተከታዩ ይቀራል።

መደምደሚያ

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

በካሊፎርኒያና በእንግሊዝ አገር ተማሪዎቹ የተነሡት ስሌቱ የራሳቸውንና የወገናቸውን ዕጣ ሊወስን በመጣ ጊዜ ነው። በእንግሊዝ ስሌቱ በአራት ቀን ውስጥ ሊሻር የቻለው፣ የተጎዱት ሰዎች ምን እንደተደረገባቸው አውቀው መናገር ስለቻሉ ነው። በኢትዮጵያም ብድር ለማን እንደሚሰጥ፣ ሥራ ማን እንዲቀጠር፣ የማን ማመልከቻ ቀድሞ እንዲታይ በማሽን የሚወሰንበት አሠራር እየሰፋ መሄዱ የማይቀር ነው። በዚያን ጊዜ «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» የሚለው ቃል የመጨረሻ መልስ ሆኖ እንዳይቀር፣ «በምን ላይ ተመሥርቶ? ስንት ጊዜ ተሳስቶ? ማንን ልጠይቅ?» የሚል ሰው በየቤቱ መኖር አለበት።

የድሮው ተማሪ የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ ሲገጥመው ከራሱ ፈጥሮ እንዳያነብብ፣ «ይህ ቦታ አይነበብም» ብሎ እንዲያልፍ ይመከር ነበር። ሽማግሌውም በዚህ ያምነው ነበር። የዛሬው ተማሪ ከማሽኑ የሚበልጥበት ነገር ይኸው ነው፤ «ይህን አላውቀውም፤ የሚያውቁትን እንጠይቅ» ለማለት መድፈር። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለጎረቤቱ ካስተማረ የመሠረተ ትምህርቱን የመጀመሪያ ገጽ አስተምሯል።